በእቅድ የተያዘው ዳር

ከቆላ ድባ ወጣ ብሎ፣ በሽንኩርት ማሳ መሀል የሚያልፈውን ቦይ እስቲ ተመልከት። አንዱ ዳሩ እንደ ተላጨ ራስ ተጠርጓል፤ ሌላው በቄጠማ ተሸፍኗል። አይተህ "የሰነፍ ሥራ" ካልህ ተሳስተሃል።

ይህን ያስለመዱት የድሮው የውሃ አባት አያ ማሩ ነበሩ፤ የመስኖ ተራ የሚያካፍሉ፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲስቁ ከማዶ የሚሰሙ ሰው። ቦይ ሲጠረግ ደንባቸው አንድ ነበር፤ ዘንድሮ አንዱ ዳር፣ ለከርሞ ሌላው። "ቤቱ የፈረሰበት ጎረቤት የሚጠጋበት ይኑረው" ይሉ ነበር። ጎረቤት የሚሉት እንቁራሪቱን፣ ዳክዬውን፣ አምባዛውን ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ከጎንደር የመንግሥት እንግዳ ይመጣል ሲባል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደመቀ ሁለቱም ዳር ሙልጭ ይበል አለ።

"ቦይ ለውሃ ነው፣ አያ ማሩ። የአውሬ ሰፈር አይደለም።"

"እንቁራሪቱ ተባይህን በነጻ ይለቅምልሃል። ምነው ጎጆ ነፈግኸው?"

"እምቢ ካሉ የውሃ አባትነቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል።"

ደም የሚያፈላው ይሄ ነው። በመኪና አልፎ ለሚሄድ እንግዳ ዓይን ሲባል ነዋሪው ይፈናቀል?

አያ ማሩ ግን አልተቆጡም። በጠረጋው ማለዳ፣ እንደ ልማዱ ለየቤቱ ድርሻ ሲያካፍሉ፣ ዳክዬ የታቀፈችበትን ቁራጭ ለደመቀ ሰጡት። የደመቀ ሚስት ሽታዬ በዚያው ሰሞን ወልዳ አራስ ቤት ነበረች።

ደመቀ ቄጠማውን ገለጥ ሲያደርግ ዳክዬዋ እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ አየችው። አልበረረችም። ማጭዱ እጁ ላይ ቀረ።

"ምነው ቆምህ?" አሉት አያ ማሩ።

"ታቅፋለች።"

"አራስ ናት በለኛ። የሽታዬን ገንፎ በልተን አፋችንን ሳንጠርግ፣ የሰው አራስ ከቤቷ ልታስወጣ?"

"ገና አልፈለፈለችም እኮ።"

"እንግዲያማ ምጥ ይዟታል። ይሄ ይብሳል።"

ቄጠማ ሊሸከሙ የመጡት ሴቶች ሳቁ። "ሽታዬ ትስማህ፤ ገንፎውን ትከለክልሃለች" አለች አንዷ። ደመቀም ሳቁ አመለጠው። ማጭዱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

"እሺ፣ ይቅር። ለእንግዶቹስ ምን ልበል?"

"ግማሹ ተጠርጓል፣ ግማሹ በእቅድ ተይዟል በል።"

እንዲያው አለ። እንግዶቹ "ሸጋ ነው" ብለው ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ፤ በዚያ ዘመን በእቅድ የተያዘን ነገር ማን ይነካል? አያ ማሩም እስኪያረጁ የውሃ አባት ነበሩ።

ዛሬም ቦዩን ሙልጭ ካላደረገ የሠራ የማይመስለው ሞልቷል። አንተ ግን ማጭድ ስታነሳ፣ እባክህ፣ አንዱን ዳር ተው።