ከሌስተር ጎን የዘፈኑት ሰው

ብርነሽ ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ዌስተርቪል በምትባል ከተማ ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከባቸው ሚስተር ዌንደል፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ዘፋኝ እንደነበሩ የነገሯት አንድ ጠዋት ፂማቸውን ስትላጫቸው ነው።

ሮካቢሊ የሚባለው ሙዚቃ ገና ብቅ ሲል፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ከሰፈር ጓደኛቸው ከሌስተር ጋር አንድ ዘፈን አስቀረጹ። ሌስተር ዜማውን ሲመሩ ዌንደል ከሥር በወፍራም ድምፅ ያጅቡ ነበር። በዚያ ሰመር ኮሎምበስ ውስጥ ዘፈኑን ያላሰማ ሬዲዮ አልነበረም፤ ልጃገረዶች መንገድ ላይ የሁለቱን ሸሚዝ እየጎተቱ መግቢያ መውጫ አሳጧቸው። ቅጠሉ ሲረግፍ ግን ሸክላ አሳታሚው ሌስተርን ብቻ ፈለገ። ሌስተርም ሳይሰናበቱ ሄዱ። ዌንደል ወሬውን የሰሙት ከሬዲዮ ነው፤ አዲስ ዘፈን፣ የአንድ ሰው ስም። ያም ዘፈን አልሰመረም፤ ሌስተር ግን ተመልሰው በራቸውን አላንኳኩም።

«እርስዎስ አልፈለጓቸውም?» አለች ብርነሽ።

«እሱ ይምጣ ብዬ ጠበቅሁ።»

ብርነሽ ይህን ለቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ለንግሥት አጫወተቻት። ንግሥት ፒከሪንግተን በምትባል ሌላ ከተማ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች።

«እኛ ጋ ሌስተር የሚባሉ አሉ» አለቻት። «ልጃቸው ድሮ ይዘፍኑ ነበር ትላለች። ስትሮክ መቷቸው መናገር አይችሉም።»

ብርነሽ ለሚስተር ዌንደል ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«እኔስ ምን እናገራለሁ?» አሉ። «ውሰጂኝ።»

ሌስተር እንዳዩአቸው አወቋቸው። በደህናው እጃቸው የዌንደልን ክንድ ጨበጡ፤ ሊናገሩ ሞከሩ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ዌንደል ወንበር ስበው ተቀመጡና ያንን ዘፈን ጀመሩ። የሚችሉት የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ነበር። መዘምራን ውስጥ አልቶ የሚባለውን አጃቢ ድምፅ የምትዘምረው ብርነሽ ወዲያው ገባት፤ ዜማው የሌስተር ስለነበር የሚሰማው ማጀቢያው ብቻ ነው። አንዲት ነርስ ጎራ ብላ «ምን ዘፈን ነው?» ስትል ዌንደል አቋረጡ። ሌስተር ዓይናቸውን ጨፍነው አለቀሱ።

እሑድ ሊመለሱ አስበው ነበር። ሐሙስ ግን ንግሥት ኮል አደረገች፤ ሌስተር አርፈዋል።

በቀብሩ ዕለት የሌስተር ልጅ የጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆማ «አባቴን በምን ያውቁታል?» ብላ ዌንደልን ጠየቀቻቸው።

«አንድ ሰፈር ነው ያደግነው» አሉና ኋላ ሄደው ተቀመጡ።

መኪና ውስጥ ብርነሽ «ለምን አልነገሯትም?» አለች።

«እሱ አልነገራትም። አሁን አባቷን እንድትቀየመው አልፈልግም።»

ቤት ሲደርሱ ከመኪናው መውረድ አቃታቸው። ብርነሽ ሞተሩን አጥፍታ አብራቸው ተቀመጠች።