ሁለት ጉሮሮ፣ አንድ ዜማ

የእህቴ ባል የደን ጠባቂ ነው። ወፍን ገና ሳያየው በድምፁ ስለሚለይ የሥራ ባልደረቦቹ «አቶ ጆሮ» ይሉታል። እንዲህ የተመሰገነ ጆሮ ግን አንድ ጊዜ አሳስቶት ጉድ ሊያፈላበት ነበር።

ደረቱ ደም የመሰለ፣ ጀርባው እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ የሚዘምር ወፍ አለ። ይህ ወፍ በደኑ ውስጥ ተጣምሮ መኖሩ ካልተረጋገጠ ደኑ ለእንጨት ቆራጮች እንደሚሰጥ፣ የጠባቂነቱም ሥራ እንደሚታጠፍ፣ ይህንንም የምታጣራ መርማሪ እንደምትላክ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። እርሱም ቀደም ሲል በገዛ እጁ መዝገቡ ላይ «አንድ ወፍ፤ ዜማው ባለ ሦስት ድምፅ» ብሎ ጽፎ ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መዝገቡን እየገለጠ ይተክዝ ጀመር። እህቴ «ለወንደላጤ ወፍ ነው እንዲህ የምትጨነቀው? ፈልግና ዳረው እንጂ» ብላ ብትቀልድበት እንኳ ፈገግ አላለም።

ምርመራው ሁለት ቀን ሲቀረው አብሬው ወደ ደኑ ወረድሁ። በሁለት ቁጥቋጦዎች መካከል ስንቆም ዜማው ተሰማ። «ይኸው፣ ያው አንዱ» አለኝ። እኔ ግን መሪ ሲጀምር ተቀባይ ሲመልስ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ሁለቱ ድምፅ ከቀኜ፣ ሦስተኛው ከግራዬ መምጣቱን አልሳትሁም።

«ወንድሜ፣ ይህ መሪና ተቀባይ ነው እንጂ አንድ ጉሮሮ አይደለም» አልሁት።

በመካከላቸው ትንፋሽ የምታህል ክፍተት ስለሌለች አንድ መስሎት ኖሯል። ፊቱ በራ፤ ወዲያውም ጠቆረ። መዝገቡን አሁን ቢያርመው ማን ያምነዋል? የወፉን ድምፅ በፉጨት አስመስሎ እንደሚያወጣ የማያውቅ የለምና።

በምርመራው ቀን መርማሪዋ በማለዳ መጣች፤ ሦስታችንም በእነዚያው ቁጥቋጦዎች መካከል ቆምን። የቀኙ ወፍ ሁለቱን ድምፅ አሰማ፤ መልስ የለም። ደገመ፤ አሁንም መልስ የለም። የእህቴ ባል ከንፈሩን ለፉጨት ሲያሞጠሙጥ አየሁ፤ አንዲት ፉጨት ሥራውንም ደኑንም ታተርፍለት ነበር። መርማሪዋም ቀስ ብላ፣ «አቶ ጆሮ፣ የጎደለውን እርስዎ ይሞሉታል ሲባል ሰምቻለሁ» አለችው። እርሱም አፉን በሁለት መዳፉ ግጥም አድርጎ ከደነ።

እኔም በልቤ «አቤቱ» ማለቴን አልሸሽግም። ወፉ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ። ያን ጊዜ ከግራ፣ ከመርማሪዋ ጀርባ፣ የቀረችው አንዲት ድምፅ መጣች። ሴትዮዋ ዞር አለች፤ ሁለተኛው ቀይ ደረት ከቅጠሉ መካከል ብቅ ብሎ ነበር። መልሳ የእህቴን ባል አየች፤ አፉ በመዳፉ እንደተከደነ ነው። ብዕሯን አውጥታ «ሁለት» ብላ ጻፈች።

እርሱ ግን እጁን ከአፉ ያነሣው ፈርማ መዝገቡን ከዘጋች በኋላ ነው።