አውራ ዶሮ ይዘው እንዲመጡ

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ በሁዳዴ ጾም ውስጥ ሸዋ ሮቢት ላይ የደረሰብኝን ነው የምጽፍላችሁ። ዛሬም ዶሮ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ፍም ይመስላል። ባለቤቴ ይህን ስለሚያውቅ አንድ ጊዜ ሆን ብሎ የስልኬን ጥሪ በዶሮ ጩኸት ቀይሮብኝ ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ።

ያኔ በኮምፒውተር ሙያ ተመርቄ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በሙከራ ከተቀጠርኩ አምስት ወር አልፎኛል። ስድስተኛው ወር ሲሞላ ኃላፊያችን ጋሽ ደምሴ ወይ የቋሚነት ደብዳቤ ይፈርሙልኛል፣ ወይ ሻንጣዬን ይዤ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት እመለሳለሁ። እናቴ ደግሞ ልጄ ቋሚ ሆነች ብላ ለዕድርተኞቿ አስቀድማ አውርታ ጨርሳለች።

መሥሪያ ቤቱ ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩት። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ አንድ ትምህርት የሚቀበል የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ጭኖባቸው ሄዷል። ትምህርት የሚቀበል ያልኩት፣ አንዱን ቁልፍ «ስጫንህ ይህን ይህን አድርግ» ብላችሁ አንዴ ካስተማራችሁት ሁልጊዜም ያንኑ ስለሚያደርግ ነው። ችግሩ አዲሱ እትም ሲጫን የቁልፎቹ ሥራ ተቀያየረ። ኤፍ ዘጠኝ የሚባለው ቁልፍ ድሮ የተጻፈውን ያስቀምጥ ነበር፤ አሁን ግን የየቀበሌውን ሊቀ መንበር ስም ከላይ እየቀያየረ አንዱን ደብዳቤ ለሁሉም ማተም ጀመረ። «ሄልፕ» የምንለው የፕሮግራሙ መመሪያ ደግሞ አሁንም የድሮውን ነው የሚያወራው። ሰው ሁሉ ሄልፑን አምኖ ቁልፍ ይጫናል፣ ወረቀት ይግተለተላል፣ እኔ ከሻይ ላይ እጠራለሁ።

ጊዜው የቢፒአር፣ አሠራር ሁሉ ከሥሩ ይለወጥ የሚባልበት ጊዜ ነው። ጋሽ ደምሴ ጠሩኝና፣ «ሄልፑን አሻሽለሽ፣ አንድ ሰው ያለማንም እርዳታ ሊሠራበት እንደሚችል አረጋግጠሽ ታስረክቢያለሽ። የሙከራ ጊዜሽም በዚሁ ይመዘናል» አሉኝ።

ሌት ተቀን የሚባለውን ያህል ባይሆንም ተጋሁ። ሁሉንም ደረጃ በደረጃ አስቀመጥኩት። ምሳሌ ያስፈልጋል ብዬም አንድ የስብሰባ ጥሪ ጻፍኩ፤ በመጪው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ፣ አጀንዳ ልዩ ልዩ፣ መቅረት በጥብቅ የተከለከለ። ፕሮግራሙ ዝርዝር ሲጻፍለት ቁጥሩን ራሱ ይሰጣል። እሱንም ላሳይ ብዬ «ሲመጡ ይዘው የሚመጡት» አልኩና ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ሙቀቱ ጭንቅላት ያፈላል። በመስኮት ብመለከት የጎረቤት የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፤ ከገመዱ ሥር ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ የሚነሳኝ አውራ ዶሮ ቆሟል። አንድ፣ የቀበሌ ማህተም። ሁለት፣ ገመድ። ሦስት፣ አውራ ዶሮ። ብቻዬን ስቄ ዘጋሁት።

ሰኞ ዕለት ሄልፑን በወረቀት አትሜ ለጸሐፊያችን ለእትዬ አስካለ ሰጠኋቸው። እትዬ አስካለ ዕድሜያቸውን ታይፕ ሲመቱ የኖሩ ናቸው፤ ኮምፒውተር ሲጽፉም ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። የተጻፈ መመሪያ ካገኙ ግን አንዲት ፊደል አያዛንፉም። «እትዬ፣ እኔ እንደሌለሁ ቆጥረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሞክሩት» አልኳቸው። መቁጠርም አላስፈለጋቸውም፤ አጣዬ ያለው ቅርንጫፍ ኮምፒውተር ተበላሸ ተብዬ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ተላክሁ። እስከ ሐሙስ ጠዋትም እዚያው ቆየሁ።

ሐሙስ በማለዳ ሚኒባስ ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፍረው ከጎኔ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ብብታቸው ሥር በገመድ እግሩን የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ አለ። የገበያ ቀን ስላልነበር ገርሞኝ አየኋቸው እንጂ ምንም አልጠረጠርኩም። ትንሽ እንደሄድን ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«እስቲ ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው። ሰዓቱን እይልኝ፣ ሦስት ነው አራት?»

ወረቀቱን ገለጥኩት። ለአቶ በየነ ይላል። ጉዳዩ የስብሰባ ጥሪ። አንድ፣ የቀበሌ ማህተም። ሁለት፣ ገመድ። ሦስት፣ አውራ ዶሮ። ከታች የጋሽ ደምሴ ፊርማና ክብ ማህተም አለ።

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላቸው። «ሦስት ሰዓት ነው አያ» አልኩ።

«አላልኩም?» አሉ አያ በየነ ደስ ብሏቸው። «እነዚያ ጎረቤቶቼ አራት ነው ሲሉኝ።» ከዚያ ዶሮውን እያሻሹ ያወጉኝ ጀመር። ከጎረቤት ቀበሌ ሊቀ መንበር ጋር ማታ ሲመካከሩ አምሽተዋል። ጾም ስለሆነ ዶሮው ለመብል እንዳልሆነ ተማምነዋል። ስለዚህ ዝርያ ለማሻሻል ነው፤ የአበሻውን ወስደው የፈረንጁን ሊሰጡን ነው። ገመዱ መሬት ለመለካት ሳይሆን አይቀርም። «ዘነበች ግን ባለቤቴ፣ ለፋሲካ ያሳደገችው ነው። መንግሥት ይፈልገዋል ብዬ ነው ከእጇ ነጥቄ የወጣሁት። ከኋላዬ የተናገረችውን አልነግርሽም።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ይባስ ብዬ ኪሳቸውን እስኪፈትሹ ዶሮውን ያዢልኝ ሲሉኝ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሸዋ ሮቢት ገባሁ።

ከአዳራሹ በር ስንደርስ አሥራ አንድ ሊቃነ መናብርት ከነዶሯቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።  ዶሮዎቹ ሁሉም አውራ ናቸውና ተያይተው ክንፍ እየመቱ ነው።

ሮጬ እትዬ አስካለ ዘንድ ገባሁ። ሄልፑን ዘርግተው ቁጭ ብለዋል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«የጻፍሽውን ነዋ። ምሳሌውን ይጻፉ ይላል፣ ጻፍኩ። ደረጃ ሰባት ኤፍ ዘጠኝን ይጫኑ ይላል፣ ተጫንኩ። ደረጃ ስምንት የታተመውን ይውሰዱ ይላል፣ ወሰድኩ። የሰው ስም ያለበት ደብዳቤ ደግሞ የት ነው የሚገባው? የፊርማ ማህደር ውስጥ አስገባሁት።» ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ቅደጂው የሚል ካለ አሳዪኝ።»

አልነበረም። ጋሽ ደምሴም ማክሰኞ ለግምገማ ደብረ ብርሃን ሊሄዱ ሲቸኩሉ ማህደሩን መኪናው ላይ ዘርግተው ሳያነቡ ፈርመዋል። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ፣ ማህተም መትቶ በዚያው ቀን በትኖታል።

ጋሽ ደምሴን ለማስጠንቀቅ ስሄድ መድረኩ ላይ ወጥተዋል። ስብሰባው ስለምን እንደተጠራ እንደማያውቁ ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ፊርማው ግን የራሳቸው ነው። «እንደሚታወቀው» ብለው ጀመሩ። ስለ ልማት፣ ስለ መልካም አስተዳደር፣ ስለ ተፋሰስ ተናገሩ። አንዱ ዶሮ በጮኸ ቁጥር ያቆማሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ እንደገና «እንደሚታወቀው» ይላሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ ሻንጣዬን በሐሳቤ መሸከፍ ጀምሬያለሁ።

በመጨረሻ አያ በየነ እጃቸውን አወጡ። «ንግግሩ ጥሩ ነው፣ ገብቶናል። ዶሮውን ለማን እናስረክብ?»

 ጋሽ ደምሴ መልስ ፍለጋ ዓይናቸውን አንከራተቱና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም። ወጥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምሳሌ መሆኑን፣ ዶሮውን በመስኮት ማየቴን፣ ሚኒባስ ላይ ዝም ማለቴንም። ስጨርስ እንባዬ መጥቷል።

ጋሽ ደምሴ ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በእኔ አልነበረም። ወይም በእኔ ለመቆጣት ፊርማቸው አልፈቀደላቸውም። «እሺ እሷ ጻፈች፣ አስካለ አተመች፣ እኔም ፈረምኩ። እናንተስ? ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። ዶሮና ገመድ ይዛችሁ ኑ ስትባሉ እንዴት አንድ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም?»

አያ በየነ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ጌታዬ፣ ባለፈው ለምን ብዬ ጠይቄ ሁለት ቀን ሙሉ ተገምግሜያለሁ። ዶሮው ይሻላል ብዬ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አስካለ ናቸው፣ ከበሩ ላይ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ። ጋሽ ደምሴ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞከሩና አቃታቸው፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

አያ በየነ ግን አልተቀመጡም። «ሳቁ ይቆየን። እኔ መንግሥት ፈለገው ብዬ የወሰድኩትን ዶሮ አቅፌ ብገባ ዘነበች ሸጠህ ልትጠጣበት ስትል ገዢ አጣህ ነው የምትለኝ። ወረቀት ይጻፍልኝ።» ሌሎቹም ለእኛም፣ ለእኛም አሉ። ለካ ከሚስቱ ሳይጣላ የመጣ አንድም የለም።

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ጉዳዩ፦ አውራ ዶሮ ስለመመለስ። በቁጥር ተጠቅሶ በተላለፈው ጥሪ መሠረት ባለቤትዎ ይዘውት የመጡት አውራ ዶሮ በመሥሪያ ቤታችን ስህተት የተጠራ ስለሆነ ከይቅርታ ጋር በክብር ተመልሷል።» ስም ጠየቅሁ፤ ሊቃነ መናብርቱ ተራ በተራ የሚስቶቻቸውን ስም ሹክ አሉኝ። ኤፍ ዘጠኝን ተጫንኩ። አሥራ ሁለት ደብዳቤ ወጣ። ጋሽ ደምሴ አሥራ ሁለቱንም በጣታቸው እየተከተሉ፣ ስሙ ብቻ የሚለያየውን ደብዳቤ አሥራ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ነው የፈረሙት።

በሳምንቱ የቋሚነት ደብዳቤዬ ደረሰ። እሱንም ፊት ለፊታቸው ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አደረጉኝ። «ይዛ ትምጣ የሚል ነገር አለበት?» አሉ። የለበትም ስላቸው ፈረሙ። ሄልፑንም ተረከቡኝ፤ ደረጃ ዘጠኝ ተጨምሮበት፦ ምሳሌ ስለሆነ ይቅደዱት።

ከፋሲካ በኋላ አያ በየነ ቢሮ መጡ። ዶሮ ወጡ እንዴት ነበር ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘነበች ደብዳቤውን በጎረቤት ልጅ አስነብባ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ «በክብር ተመልሷል የተባለ፣ ማህተም ያለው ዶሮ አላርድም፤ ነገ መልሰው ቢጠይቁኝስ?» ብላለች። በዓሉን በሌላ ዶሮ ነው የዋሉት። «እሱ ግን ጎምላልቷል፤ ሰው ሁሉ መንግሥቴ ብሎ ነው የሚጠራው። ማረድ ይቻላል የሚል አንዲት ወረቀት ጻፊልኝ» አሉኝ።

ጽፌ ልሰጣቸው ጀምሬ ነበር። ጉዳዩ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዘኝ አለ። «ይቅር አያ፣ ይኑር» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «እኔም ልቤ አልፈቀደም፤ እሷ ናት ጠይቅ ያለችኝ» ብለው ወጡ።

አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው፤ እንጀራዬም እንዲህ ያለ መመሪያ መጻፍ ነው። ያን ሐሙስ ሳስበው ሚኒባሱ ውስጥ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል፣ የቀረው ግን ያስቀኛል። እስከ ዛሬ በጻፍኳቸው ምሳሌዎች ሁሉ፣ የደብዳቤው ጉዳይ ምንም ይሁን ምን፣ የመጨረሻው መስመር አንድ ነው። አዳዲስ ሠራተኞች ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። ለምን ብለው በመጠየቃቸው ደስ እያለኝ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ ሲመጡ ምንም ይዘው አይምጡ።