ሂድ፣ አገርህ ሰማይ ነው

አባቴ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቶበታል። ገበያተኛው ሁሉ ጋሽ በረዶ ይለዋል። እሱም ትክክለኛ ስሜን የሚያውቁት ሚስቴና የንግድ ፈቃዴ ብቻ ናቸው እያለ ይቀልዳል።

የተበላሸ ፍሪጅ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ውስጡ የቀረውን ጋዝ ማስተንፈስ ነበር። ቱቦውን ፈትቶ ወደ መስኮቱ ያዞረዋል። ጋዙ «ጭስስ» እያለ ሲወጣ «ሂድ፣ አገርህ ሰማይ ነው» ብሎ ይሸኘዋል። ልጅ ሳለሁ ያንን ድምፅ እወደው ነበር። ቀለም የለው፣ ጭስ የለው፤ ፊቴ ላይ ትንሽ ብርድ ጣል አድርጎ ይጠፋል።

ባለፈው ወር የፍሪጅ ጠጋኞች ለአንድ ቀን ሥልጠና ተጠሩ። አባቴ የሄደው ለምሳው ነበር። ሲመለስ ግን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አሰልጣኟ በዕድሜ ካንቺ ብዙም አትበልጥም» አለኝ። «ዓለምን ከሁሉ አብልጦ የሚያሞቀው የትኛው ጋዝ ነው ብላ ጠየቀችን። እኔ እጄን አወጣሁና የባለቤቴ ምድጃ አልኳት።»

«ደግ አደረግህ! መሣቂያ አደረግኸኝ» አለች እናቴ ከጓዳ።

«አንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከመኪናው፣ ከፋብሪካው፣ ከምናቃጥለው ሁሉ የሚወጣው። ጉልበቱ ብዛቱ ነው፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ ስንት መቶ ዓመት አይለቅም። ሁለተኛው ሚቴን ነው፤ ከከብት ሆድ፣ ከቆሻሻ ክምር፣ ከነዳጅ ጉድጓድ። ቶሎ ይጠፋል፣ እስኪጠፋ ግን ይለበልባል። ሦስተኛው ማዳበሪያ ከበዛበት ማሳ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው አለች። እፎይ አልኩ። የእኔ አልተጠራማ!»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ የእኔን አመጣችው። በጠቅላላው ሲታይ ድርሻው ትንሽ ነው፤ ኪሎ ለኪሎ ሲመዘን ግን...» እጆቹን ገልብጦ መዳፎቹን አያቸው። «ትልልቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ የምንሞላው፣ አንዱ ኪሎ ወደ አራት ሺህ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። መኪና ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር እንደ መንዳት ነው። እኔ በሳምንት ስንቴ ነው ያስተነፈስኩት?»

«አንተ ሰው፣ እንግዲያው ፀሐይንም የለኮስኳት እኔ ነኝ በለና አርፈህ ተቀመጥ!» አለች እናቴ።

አባቴ አልሳቀም። በእናቴ ቀልድ ሳይስቅ ሲቀር አይቼው አላውቅም። የፈራሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቱቦ ወደ መስኮት አላዞረም። ጋዝ የሚመጥ ማሽን የለውም። አሰልጣኟ ግን ሌላ መንገድ አሳይታቸው ነበር፦ ባዶ ሲሊንደር በረዶ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ጋዙ ብርዱን ተከትሎ ራሱ ይገባለታል። አደጋው አንድ ነው። የአባቴ ትልቁ ሲሊንደር የሚችለው አሥር ኪሎ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ጋዙ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ያጣል፤ ሲሊንደሩ ይፈነዳል።

የአሳ ነጋዴዋ ማቀዝቀዣ ክፍል ሲበላሽ አባቴ እኔን ይዞኝ ሄደ። ዓይኑ የሚዛኑን ትንንሽ ቁጥር አያነብም። ሲሊንደሩን በረዶና ውሃ በሞላበት ገንዳ ዘፈዘፈው፣ ገንዳውን ሚዛን ላይ አስቀመጠ፣ ሚዛኑን ዜሮ ላይ አደረገውና ሲሊንደሩን ከማቀዝቀዣው ጋር በቱቦ አገናኘው።

«ዘጠኝ ሲል ጥሪኝ። ከዚህ እንዳትነቃነቂ» አለኝና ግድግዳው ማዶ ወዳለው ሞተር ሄደ።

ነጋዴዋ ወገቧን ይዛ ትንጎራደዳለች። «ጋሽ በረዶ፣ ምነው ዛሬስ? ድሮ በአምስት ደቂቃ ጭስስ ያደርጉት አልነበር! አሳዬ እኮ ሊሸት ነው!»

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ጋዙን ሊድሩት ነው እንዴ እንዲህ የሚያባብሉት?»

በረዶው ይሟሟል፤ ነጋዴዋ እያጉረመረመች አዲስ በረዶ ትጨምርልኛለች። ውሃው ከገንዳው አፍ ሊፈስ ሲል፣ መሬቱ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ስላለ፣ በኩባያ እየቀዳሁ ውጭ እደፋለሁ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል። አራት። አምስት። ስድስት።

አባቴ ግንባሩን እየጠረገ መጣ። «ስንት ደረሰ?»

«ስድስት ከግማሽ።»

«አይሆንም። ማቀዝቀዣው እኮ ባዶ ሆኗል። አሥራ ሁለት ኪሎ ነበር የሚይዘው።» እጁን ሲሊንደሩ ላይ አሳረፈ። ያ እጅ የትኛውንም ቱቦ ነክቶ ስንት እንደሞላ ያውቃል። በረዶ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ይቀዘቅዛል። ከዚያ እርጥቡን ደጃፍ አየ። እጄ ላይ ያለውን ኩባያ አየ።

«ውሃ ቀዳሽ?»

ሚዛኑ ገንዳውን ከነውሃው ነው የሚመዝነው። በጨመርነው በረዶ ፈንታ የደፋሁት ውሃ በልጦ፣ ጋዙን ከቁጥሩ ላይ ስቀንሰው ነው የቆየሁት። አሥር ብቻ በሚችለው ሲሊንደር ውስጥ አሥራ ሁለት ኪሎ ገብቷል። ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ቫልቩን ዘጋው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልነገርኩሽም። ቀስ ብለሽ ውጪ። እትዬ፣ እርስዎም ይውጡ። ቀሪውን በረዶና ጨው ካለዎት በሩ ላይ ይተዉልኝ።»

«ለምን አትለቀውም?» አልኩት። «አባዬ፣ ልቀቀው! አንዴ ብቻ!»

ቫልቩን ወደ አየር መክፈት አንድ አፍታ ነው። ሠላሳ ዓመት ያደረገው ነው።

«ውጪ አልኩሽ!»

ነጋዴዋ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ከመንገዱ ማዶ ቆመን በተከፈተው በር አየሁት። ለትርፉ ይዞት የመጣውን ባዶ ትንሽ ሲሊንደር ጨው በተነሰነሰበት በረዶ ውስጥ ቀበረ፤ ከትልቁ ይልቅ እንዲቀዘቅዝና ትርፉን እንዲስብ ነው። ሁለቱን በቱቦ አገናኘ። ከዚያ ትልቁ ገንዳ ላይ በረዶ መከመር ጀመረ፤ ልጅ ብርድ ልብስ እንደሚያለብስ ሰው በቀስታ። ፀሐዩ በመስኮቱ በኩል ወደ ገንዳው እየተጠጋ ነበር። ኮቱን አውልቆ መስኮቱ ላይ ሰቀለው።

ነጋዴዋ መቀለዷን ትታለች። «ቢፈነዳስ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ዓይኔን ከአባቴ ላይ አልነቀልኩም።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ትንሹን ሲሊንደር ከጨው በረዶው አወጣና ደረቅ አድርጎ ጠርጎ በነጋዴዋ የአሳ ሚዛን መዘነው። ቁጥሩን ለማንበብ ጎንበስ፣ ቀና፣ እንደገና ጎንበስ አለ። በመጨረሻ በእጁ ጠራኝ።

እየሮጥኩ ገባሁና ጎኑ ላይ የተጻፈውን የባዶ ሲሊንደሩን ክብደት ቀንሼ ነገርኩት። «ሦስት።»

«እንግዲህ ትልቁ ዘጠኝ ነው» አለና መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

ሲረጋጋ ቱቦውን ፈታ። ቱቦው ውስጥ የቀረው ጥቂት ጋዝ «ጭስስ» አለ። ሁላችንም ደነገጥን። አባቴ «ሂድ» አላለውም። በአውራ ጣቱ የቱቦውን አፍ ደፍኖ ያዘው፤ ብርዱ ጣቱን እያቃጠለው፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ እኔ ተሯሩጬ መክደኛውን እስካመጣለት ድረስ።

ጣቱ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል። እናቴ ቅባት ስትቀባው «ይህችን ለምታህል ጋዝ?» ትለዋለች።

«ይህችን ለምታህል» ይላታል፣ መስኮት መስኮቱን እያየ።