የማትታየው ፊደል

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ መዓዛ ኮምፒውተሯ ላይ ቀይ ጽሑፍ ቢወጣባት «ደግሞ ምን ገባበት?» ብላ ለራሷ አጉረመረመች። ይህን ስሰማ ልቤ ከጥቂት ዓመት በፊት ወደነበረ አንድ ክረምት ሄደ። ያኔ ያለችው «ምን ገባበት» አልነበረም፤ «ማን ነካብኝ» ነበር።

መዓዛና ጓደኛዋ የሺ ማንኩሳ በምትባል ከተማ አብረው ያደጉ፣ አብረው የተማሩ ናቸው። በዚያ ክረምት ሁለቱም አዴት ባለው የእርሻ ምርምር ማእከል ለአንድ የሥራ ቦታ ተወዳድረው ነበር። ፈተናው የገበሬውን የበቆሎ ምርት በስታቲስቲክስ አስልቶ መላክ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ደግሞ ኮድ በሚሉት ጽሑፍ እየታዘዘ ነው። የሺ ቀድማ ጽፋው ኖሮ ሳትሰስት ለመዓዛ ላከችላት። መዓዛ ጋ ግን አልሠራ አለ። አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። መስመሩን ብታነበው፣ ብትደጋግመው፣ እንከን የለበትም።

«እማማ፣ አበላሽታ ነው የላከችልኝ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምን አድርገሻት?»

«ቦታው አንድ ነዋ።»

እኔ የፈራሁ ለሥራው አልነበረም። ሥራ ሌላ ቀን ይገኛል። እኅት ለሌላት ልጅ ሌላ የሺ ከየት ትመጣለች?

በማግሥቱ የሺ ቡሬ ካለችው አክስቷ ዘንድ ተነሥታ እኛ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም መጣች። የክረምት መንገድ መቸም የታወቀ ነው፤ ከመኪና ወርዳ እስክትደርስ ጫማዋ ጭቃ ተሸክሟል። ፍልሰታ ነበርና ድንች ወጥና ጎመን አቀረብሁ።

«ኮምፒውተርሽም ጾም ያዘ እንዴ?» አለች የሺ።

መዓዛ አልሳቀችም። ኮምፒውተሩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። የሺ ጠቅልላ ብታጎርሳት አፏን ለመክፈት ዘገየች፤ ጎርሳም መልሳ አላጎረሰቻትም።

«መርዝ እኮ አላደረግሁበትም» አለች የሺ እየሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «ጠርጥረሽኛል እንዴ፣ መዓዚ?»

መዓዛ ዓይኗን ከማዕዱ አላነሣችም። የሺ ተነሥታ እጇን ታጠበችና ኮምፒውተሩን መልሳ አዞረችው። «ቀስት ያለባትን ቁልፍ ቀስ እያልሽ ተጫኛት» አለቻት። ብልጭ ድርግም የምትል ቀጭን መስመር ፊደል በፊደል ስትራመድ እኔም አየሁ። አንድ ቦታ ስትደርስ መዓዛ ቁልፏን ተጫነች፤ መስመሯ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ደግማ ስትጫን ሄደች።

«እዚህ ጋ የማትታይ ፊደል አለች» አለች የሺ። «እኔ የላክሁልሽስ የት አለ?»

መጀመሪያ የተላከውን ከፈቱት። ያለ አንድ ቀይ ሠራ።

መዓዛ ያን ጊዜ ትዝ አላት። መብራት የጠፋ ዕለት ኮዱን ስልኳ ላይ ስታስተካክል አምሽታ፣ በቴሌግራም ለራሷ መልሳ ልካዋለች። ያች ጉደኛ ፊደል በዚያ ተከትላ ገብታለች።

«ይቅርታ፣ የሺዬ» አለች አቀርቅራ።

«ምንም አይደል።» መስመሩን አጥፍታ በእጇ አዲስ ጻፈችላት። ወደ ማዕዱ ግን አልተመለሰችም፤ መኪና እንዳያመልጣት ብላ ወጣች።

ቦታውን ሌላ ሰው አገኘው። መዓዛ ዛሬ እዚሁ ከተማ ትሠራለች፤ ቀይ ሲመጣባት አስቀድማ የምትጠረጥረው የራሷን እጅ ነው። የሺም በዓል በመጣ ቁጥር ጉልበቴን ልትስም ትመጣለች፤ ከመዓዛ ጋርም ይሳሳቃሉ። ምግብ ሳቀርብ ግን «በልቼ ነው የመጣሁ፣ እማማ» ትለኛለች። በማለዳ ከቡሬ የተነሣ ሰው የት በላ ብዬ አልጠይቃትም።