በራችን ላይ የተተከለው የፊልም ድንኳን

የአማርኛ ፊልም ላይ ሰው ሲሞት እስቃለሁ። ክፋት አይደለም፤ እነሱ ናቸው የሚያስቁኝ። ልጅ የሞተባት እናት ቅንድቧን ተቀንድባ፣ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ፣ ሊፒስቲኳ ንክች ሳይል "ልጄን! ልጄን!" ትላለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ደረቷን ስትመታ ከልብሷ ላይ አቧራ የምታራግፍ ነው የምትመስለው። እሷ ያላለቀሰችውን የማጀቢያ ሙዚቃው ኪቦርድ ከኋላ ሆኖ ያለቅስላታል። ኤዲያ!

እኔ ታዲያ ዝም አልልም። አዘቦት ቀን ጉርድ ሾላ ቢሮ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ማይክ ፊት ቁጭ ብዬ ፊልሞቻችንን እቦጫጭቃለሁ። "እባካችሁ አንድ ቀን እንኳን እውነተኛ ልቅሶ አሳዩን" ማለት የዘወትር ልመናዬ ነበር።

በዚህ ከሚጠሉኝ ዳይሬክተሮች አንዱ አብሮኝ የተማረ ነው፤ ቤት ውስጥ እንኳን ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ጉረኛ። እስካሁን በሠራቸው ፊልሞች ሁሉ የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ ይሯሯጣሉ። ማን እያባረራቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አዲስ ፊልም ሲጀምር ደግሞ የልቅሶ ትዕይንት አስፈለገው፤ ካራ ያለውን ሰፈራችንን አየና "ድህነቱ ካሜራ ላይ ያምራል" አለ። አፉን ይዝጋውና፣ ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያለው!

የቀረጻው ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቤት የዋለው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው። ወንድሜ የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ትንሽ ዳገት ሲወጣ ከንፈሩ ይጠቁራል። እናቴ ለእሱ ብላ እንጦጦ ጸበል ወጥታ፣ እዚያው ሰንብታ ነበር፤ ስልኳም ዝግ ነው። ዳይሬክተሩ "በራችሁ ላይ ድንኳን ብንተክል ቅር ይልሃል?" ሲለው፣ ቤት መዋል የሰለቸው ወንድሜ "ኧረ ደስ ይለኛል!" አለ። ድንኳኑ ከእድራችን መጣ። ለቀስተኞቹም የእድራችን ሴቶች ናቸው። በፊልም ልንወጣ ነው ብለው ፊታቸውን ቅባት ተቀብተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ከእንጦጦ የምትመለስ እናት እንዳለች ግን አንዱም ትዝ አላለውም።

የሆነውን የነገረኝ ወንድሜ ነው። እናቴ የጸበል ጀሪካኗን ይዛ ከታክሲ ወረደች። ቀና ስትል ድንኳን አየች፣ ያውም በገዛ በሯ ላይ። ውስጡ የተቀመጡት የገዛ ጎረቤቶቿ ናቸው። ጀሪካኑን ወዲያ ጥላ "ልጄን! ሳልደርስልህ!" እያለች መጣች። ሴቶቹ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት፣ ሰው እያለቀሰ ወደ ድንኳን ሲገባ ተነሥቶ አብሮ ማልቀስን ነው። ፊልም መሆኑን እያወቁ፣ ልጇ ጓዳ ቁጭ ብሎ ዳቦ እየበላ እንደሆነ እያወቁ፣ ሰውነታቸው ቀደማቸውና ብድግ ብለው እሪ አሉ። እሷስ ከዚህ በላይ ምን ትጠብቅ? መሬት ላይ ተዘረረች።

ወንድሜ ጩኸቱን ሰምቶ ጋቢውን እንደደረበ፣ ዳቦውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ። "እማዬ፣ አለሁ! ይኸው አለሁ!" አላት። ፊቱን ደጋግማ ዳበሰችው፤ አላመነችም። ካሜራው ይሄን ሁሉ ቀርጿል። ያ ጉድ ዳይሬክተር "አቁሙ" ለማለት እንኳን አፉ አልተላቀቀለትም።

ከወራት በኋላ ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። "አፍሽን የሚያዘጋ ትዕይንት አለኝ፤ እናትሽ ፊልሙን አዳነችው" አለኝ።

"አሁኑኑ ከፊልሙ ታወጣዋለህ!" ጮኽኩ።

"ምነው? እውነተኛ ልቅሶ አሳዩን እያልሽ የምታደርቂን አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

ብዬማ ብያለሁ። የእናቴን አሳዩን ግን አላልኩም!

እኔን ትቶ እናቴን ሊያባብል ላፕቶፑን ይዞ ቤት መጣ። "እማማ፣ ይዩት፤ ይኮሩበታል" አላት። አየችው። ስትጮህ፣ ስትወድቅ፣ ከዚያ ቀብር። ወንድሜ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

"ልጄ የወጣበትስ የታለ?"

"እማማ፣ እሱ ለታሪኩ አይሆንም። በፊልሙ ልጁ ሞቷል።"

"የማን ልጅ?"

"የፊልሙ ልጅ ነዋ።"

"በሩ የእኔ፣ የምታለቅሰው እኔ፣ የሞተው የፊልም ልጅ?" ብድግ አለች። "አገር ምድሩ ቁጭ ብሎ እያየ ልጄ በቁሙ ሊለቀስበት? ይሄን ሟርትህን ከቤቴ አውጣልኝ! ከፊልምህም አውጣው። አለዚያ ጸበሉ በፈሰሰበት ቦታ ቆሜ ስምህን ለእመቤቴ እነግራታለሁ!"

ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። ከስንት ዓመት በኋላ ዓይኑን ያየሁት ያኔ ነው፤ ፈርቷል። አወጣለሁም አላወጣምም ሳይል ላፕቶፑን ታቅፎ ሄደ።

የፊልሙ ምርቃት ቀን ሦስታችንም ሄድን። እናቴ "ዓይኔ ሳያይ አላምንም" ብላ ነው። ቀይ ምንጣፍ፣ ፎቶ፣ "ብዙ የተለፋበት ሥራ ነው" የሚል ማለቂያ የሌለው ንግግር። ከዚያ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሩጫ። አሁንም የሚያባርራቸው የለም። መሳቅ አማረኝ፤ እናቴ እጄን ጨምድዳ ይዛ ስለነበር አልቻልኩም።

ድንኳኑ መጣ። በራችን መጣ። የእናቴ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ገባ።

ከመንገዱ ጫፍ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። ቅንድቧ የተቀነደበ፣ ጥፍሯ ቀይ፣ ሊፒስቲኳ ንክች ያላለ። "ልጄን! ልጄን!" አለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ደረቷን አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው መታ መታ አደረገችው፤ ኪቦርዱም ተነሣ።

"ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?" አለ ወንድሜ ፈንዲሻውን እየቆረጠመ።

እናቴ እጄን ለቀቀችኝ። በነጠላዋ አፏን ሸፍና "ተመስገን፣ ተመስገን" ትላለች። አዳራሹ ሙሉ በኀዘን ጭጭ ብሎ ሳለ እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩ።