የጋሽ ኃይሉ ሕጎች

ባለፈው ሳምንት የድንች ዘር ልገዛ ወደ ጫንጮ ስሄድ ሚኒባሱ ሱሉልታ ላይ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቆመ። በመስኮቱ በኩል ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን ይታያል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ድሮ እዚህ ሜዳ ነበር» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ከመጋዘኑ ሥር የተቀበረውን አፈር ሁለት ዓመት በእጄ አገላብጬዋለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከግብርና ኮሌጅ ተመርቄ ሥራ ስላጣሁ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። አባቴ ኦቦ ደገፋ ገብስ ይዘራል፣ ሣር አጭዶ ድርቆሽ ይሸጣል። ጋሽ ኃይሉ ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጎን ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ከማሳችን ጠርዝ አፈር ዘግነው አሸተቱና «ይሄ መሬት ደክሟል፣ ኦቦ ደገፋ። ስንወስድበት ነው የኖርነው፤ መልሰን ምን ሰጠነው?» አሉት። አባቴ ሳቀ። እኔ ግን ኮሌጅ ውስጥ ስለ አፈር እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ከማሳው ቁራሽ ለእኔና ለጋሽ ኃይሉ እንዲሰጠን አባቴን ለመንኩት። ሰጠን።

ሕጎች ነበሯቸው። ከመቆፈራችን በፊት ጫማችንን አውልቀን ዝም ብለን እንቆማለን። እሳቸው ጸሎት ነው ይሉታል፣ ቃል ግን የለውም። የሱሉልታን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ሰው በባዶ እግር መቆም ምን እንደሆነ ይገባዋል። አፈሩን ራቁቱን አንተወውም፤ ድርቆሽ እናለብሰዋለን። ፍግና የኩሽና ጥራጊ ሳንመልስለት አናጭድም። የመጀመሪያው ምርት የጎረቤት ነው። ትሉንም አረሙንም ጠላት ብሎ መጥራት የለም፤ መጀመሪያ ለምን እንደመጣ ይጠየቃል።

ቤተ ክርስቲያን እናቴን ተከትዬ የምሄድ ልጅ ነበርኩ። በሙሉ ልቤ ማመን የጀመርኩት እዚያ የአትክልት መደብ ላይ ይመስለኛል። በሁለተኛው ዓመት አፈሩ ጠቆረ፣ እንደ እርሾ ላላ። ድንቹን እዚያው ቀቅለን በሚጥሚጣ ስንበላ አባቴ ሦስት ጨረሰና «ሰውየው እውነቱን ነው» አለ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ ገበሬው ሊነሳ ነው ተባለ። ወጣቶች ወጡ፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ሚኒባስ ጠፋ። ከሰፈራችን የታሰሩ ነበሩ፤ ያልተመለሱም ነበሩ። አባቴ ጠዋት ተነስቶ ማሳውን በእግሩ ይዞረዋል፣ ከሰዓትም ይደግመዋል።

በዚያ ሰሞን ጋሽ ኃይሉ ወረቀት ይዘው መጡ። «አትክልቱን በማኅበር እናስመዝግበው፤ አረንጓዴ ቦታ ከተባለ ማንም አይነካውም» አሉ።

አባቴ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ» አልኩት።

ያነበብኩት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር። የጋሽ ኃይሉን ወረቀት ገጽ በገጽ መመርመር እሳቸውን መስደብ መሰለኝ። አባቴ ፈረመ።

መንገዱ በተከፈተ በሳምንቱ ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው ችካል መምታት ጀመሩ። አትክልቱ ላይ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ የገብሱንም ማሳ ይዘውት ሄዱ። አባቴ ዱላውን ይዞ ሲሮጥ የራሱን ፊርማ አሳዩት። በመጨረሻው ገጽ መሬቱን በሙሉ ለማኅበሩ አስረክቧል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ኃይሉ ደግሞ ለአንድ ባለሀብት አስተላልፈውታል። መንግሥት ማስተር ፕላኑን ትቼዋለሁ ያለው በዚያው ሰሞን ነው። የእኛን መሬት የወሰደው ግን ማስተር ፕላኑ አልነበረም።

እቤታቸው ሄድኩ። መጻሕፍታቸውን ካርቶን ውስጥ እየደረደሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉን?»

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉኝ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፃቸው። «ዛሬ ባይሄድ ነገ መሄዱ አይቀርም ነበር። ሰው የያዘውን መልቀቅ መማር አለበት። ይሄም ከሕጎቹ አንዱ ነው።»

«እርስዎስ ምን ለቀቁ?»

አንዱን መጽሐፍ አቧራውን ጠርገው ከሌሎቹ ጋር አስተካክለው አስቀመጡት። ከመሬቱ ይልቅ ያቺ ሕግ አንገበገበችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ በባዶ እግሬ ቆሜ ስሰማቸው፣ አንድ ቀን ለዚህ እንደምትውል አድርገው አስቀምጠዋት ይሆን? እስካሁን አላውቅም።

አባቴ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ፤ ወረቀቱ ሕጋዊ ነው ተባለ። በመጨረሻ ቡራዩ አንድ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። መሬት ኖሮት የሚያውቅ ሰው የሌላውን በር ሲጠብቅ ማየት ከባድ ነው። እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አልወቀሰኝም።

አሁን ሰበታ ነው የምኖረው፤ ትንሽ ጓሮ አለችኝ። ያኔ የተማርኩትን ልጥለው ሞክሬ ነበር። አንድ በጋ አፈሩን አራቆትኩት፤ ተሰነጣጠቀ፣ ጎመኑ ቀጨጨ። ትምህርቱ ውሸት ቢሆን ኖሮ ከሰውየው ጋር አብሬ እረሳው ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ይኸው እንደገና አለብሰዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሐዋ ሱቋን ሳትከፍት ጎራ አለች። የጓሮ አትክልት እንዳስተምራት ጠይቃኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫማ ማውለቁንም፣ ዝም ማለቱንም። ጎንበስ ብላ ድርቆሹን ገለጥ አደረገችና «ይሄን ሁሉ ከማን ተማርሽው?» አለችኝ።

«ከአባቴ» አልኳት።